ኤድስገር ዳይክስትራ፦ ኮምፒውተሮች ተራ እንዲጠብቁ ያስተማሩት ሊቅ

በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ መንገደኛና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የምትኖር ሌላ መንገደኛ፣ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ በሚነሣ በረራ ላይ የቀረውን አንድ መቀመጫ በአንድ ቅጽበት ለመግዛት ቢሞክሩ ምን ይፈጠራል? ሁለቱም በየስልካቸው መቀመጫው ገና እንዳልተያዘ ያያሉ፤ ሁለቱም ክፍያውን ይፈጽማሉ። ከጀርባ ያለው ፕሮግራም አንዱን አስቀድሞ ሌላውን ካላቆየ አንድ ወንበር ለሁለት ሰው ይሸጣል።

ጉዳዩ የትኬት ብቻ አይደለም። የባንክ ሒሳብ፣ የሆስፒታል መሣሪያና የስልክ መስመር በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ በሚያከናውኑ ፕሮግራሞች ይመራሉ። አንዱ ሥራ የሌላውን እንዳያበላሽ የሚጠብቀው መቆለፊያ፣ እንዲሁም አንዱ ሥራ ሲቆም ሌሎቹ እንዳይጎዱ ሊሟላ የሚገባው ሁኔታ ከ60 ዓመታት በፊት በጠራ ሒሳባዊ ቋንቋ ተቀምጧል። ይህን ያደረጉት ኔዘርላንዳዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ ናቸው። በዋሽንግተንና አካባቢዋ በኮምፒውተር ሙያ የተሰማሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ስማቸውን በትምህርት ገበታ ላይ ሰምተውት ይሆናል። የሕይወታቸው ታሪክ ግን ከሙያው ውጭ ላለ ሰውም የሚነግረው ነገር አለው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዲፕሎማት ሊሆኑ ያሰቡት ወጣት

ዳይክስትራ ሜይ 11 ቀን 1930 በኔዘርላንድስ የወደብ ከተማ ሮተርዳም ተወለዱ። አባታቸው የኬሚስትሪ መምህርና የአገሪቱ የኬሚስቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩ ሰው ናቸው። እናታቸው በሒሳብ የሠለጠኑ ቢሆኑም በሙያው ተቀጥረው አልሠሩም። ልጃቸው ዐሥር ዓመት በሞላቸው በሦስተኛው ቀን የናዚ ጀርመን አውሮፕላኖች የሮተርዳምን መሃል ከተማ በቦምብ አወደሙት።

ከጦርነቱ በኋላ ወጣቱ ዳይክስትራ ሕግ አጥንተው አገራቸውን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የመወከል ሐሳብ ነበራቸው። የትምህርት ውጤታቸው በሳይንስ እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ ግን ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሒሳብና ፊዚክስ ማጥናት ጀመሩ። በ1951 አባታቸው በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ስለሚሰጥ የሦስት ሳምንት የኮምፒውተር ፕሮግራም ሥልጠና የሚገልጽ ማስታወቂያ አዩ፤ ልጃቸውንም ላኩ። ያ አጭር ጉዞ የሕይወታቸውን አቅጣጫ ለወጠው። በቀጣዩ ዓመት በአምስተርዳም የሒሳብ ማዕከል ተቀጥረው ፕሮግራም መጻፍ ጀመሩ።

በዘመኑ ፕሮግራም መጻፍ እንደ ሙያ አይቆጠርም ነበር። ዳይክስትራ ከፊዚክስና ከዚህ ስም ካልወጣለት ሥራ የትኛውን ልምረጥ ብለው ሲጨነቁ፣ አለቃቸው አድሪያን ቫን ዋይንጋርደን ገና ሥርዓት ያልተበጀለትን መስክ የተከበረ የዕውቀት ዘርፍ ከሚያደርጉት ሰዎች አንዱ መሆን እንደሚችሉ መከሯቸው። ምክሩን ተቀበሉ። በ1957 ማሪያ ደበትስን ሲያገቡ ግን የከተማው አስተዳደር በጋብቻ ቅጹ ላይ ፕሮግራመር የሚለውን ሙያ አልቀበልም አለ። እንዲህ ያለ ሙያ የለም ተብለው የፊዚክስ ባለሙያ ተብለው ተመዘገቡ።

ከጋብቻው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከእጮኛቸው ጋር በአምስተርዳም ገበያ ሲዘዋወሩ ደክሟቸው ቡና ሊጠጡ አረፍ ባሉበት፣ ወረቀትና እርሳስ ሳይዙ በ20 ደቂቃ ያህል አንድ ዘዴ በሐሳባቸው ነደፉ። ዘዴው በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን አጭር መንገድ የሚያገኝ ነው። ዛሬ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ የሚነዳ ሰው በስልኩ ላይ የሚያየው የመንገድ ምሪት የዚህ ዘዴ የልጅ ልጅ ነው። ዳይክስትራን በሕዝብ ዘንድ ያሳወቃቸውም ይኸው ሥራ ነው። የሙያቸው ከባዱ ፈተና ግን ሌላ ቦታ ይጠብቃቸው ነበር።

የማይደገም ስሕተት

የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች አንድ ሥራ ብቻ ይሠሩ ነበር። ማተሚያው ወይም ንባብ መሣሪያው ቀርፋፋ ከሆነ ዋናው ማሽን እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአገሪቱ መሐንዲሶች ኤክስ 1 የተባለውን ኮምፒውተር ሲነድፉ አዲስ ሐሳብ አመጡ። ማሽኑ ማተሚያውን አዝዞ ወደ ሌላ ሥራው ይመለሳል፤ ማተሚያው ሲጨርስ የማቋረጫ ምልክት ይልካል፤ ማሽኑም የያዘውን ትቶ ምልክቱን ያስተናግዳል።

ሐሳቡ ዳይክስትራን አስፈራቸው። ምልክቱ በየትኛው ቅጽበት እንደሚመጣ አይታወቅም። ፕሮግራሙ ስሕተት ቢኖርበት ስሕተቱ የሚታየው ምልክቱ በአንዲት የተለየች ቅጽበት ሲደርስ ብቻ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙን እንደገና ቢያስኬዱት ያች ቅጽበት አትመለስም፤ ስሕተቱም ይሰወራል። አንድ ሺህ ጊዜ ተሞክሮ ደኅና የሠራ ፕሮግራም በሺህ አንደኛው ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም በሙከራ ብቻ ማመን እንደማይቻል፣ ትክክለኛነቱ በአመክንዮ መረጋገጥ እንዳለበት ተረዱ። ሐሳቡን ለወራት ከተቃወሙ በኋላ ተቀብለው ሠሩት፤ በ1959 የዶክትሬት ማዕረጋቸውን ያገኙትም በዚሁ ሥራ ነው።

አንድ ገጽ የሞላው መፍትሔ

ዳይክስትራ በ1962 የአይንድሆቨን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1965 በአንድ የአሜሪካ የሙያ መጽሔት ላይ ያሳተሙት ጽሑፍ ከአንድ ገጽ ብዙም አይበልጥም። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ብዙ ኮምፒውተሮች በየራሳቸው ፍጥነት ይሠራሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ በሥራው መካከል ሌላው በማይኖርበት ብቻውን ሊገባበት የሚገባ ክፍል አለው። ከአንድ በላይ የሆኑ እዚያ እንዳይገናኙ ማድረግ እንዴት ይቻላል? ለሁለት ኮምፒውተሮች የሚሆነውን መፍትሔ የአገራቸው ሒሳብ ሊቅ ቴዎዶሩስ ዴከር ቀደም ብለው አግኝተው ነበር። ዳይክስትራ ለማንኛውም ቁጥር የሚሠራ መፍትሔ አቀረቡ።

የጽሑፉ ብርታት መፍትሔው ብቻ ሳይሆን የቀደሙት ግዴታዎችም ናቸው። አንደኛ፣ ለማንኛውም ኮምፒውተር አድልዎ አይኑር። ሁለተኛ፣ ስለ ፍጥነታቸው ምንም ግምት አይወሰድ። ሦስተኛ፣ ከተከለለው ክፍል ውጭ ያለ ማንኛውም ኮምፒውተር ቢቆም፣ መቆሙ ሌሎቹን ማገድ የለበትም። አራተኛ፣ ማን ይቅደም የሚለው ውሳኔ ያለ መጨረሻ መጓተት አይችልም። የመጨረሻውን ኢትዮጵያዊ አንባቢ በቀላሉ ይረዳዋል፤ ሁለት ጨዋ ሰዎች በር ላይ ተገናኝተው እርስዎ ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ ይቅደሙ ሲባባሉ ሁለቱም ደጅ ይቀራሉ። ሦስተኛው ግዴታ ደግሞ ዛሬም የሙያው ራስ ምታት የሆነውን ጉዳይ ይነካል። መቆም የሚፈቀደው ከክልሉ ውጭ ነው። ውስጥ ገብቶ መቆም ግን ቁልፉን ይዞ እንደ መጥፋት ነው።

በዚያው ዘመን ሴማፎር የተባለውን መሣሪያ ፈለሰፉ። ስሙ ባቡር እንዲያልፍ ወይም እንዲቆም ከሚያሳየው የሐዲድ ምልክት የተወሰደ ነው። ሴማፎር በመሠረቱ አንድ ቁጥር ነው። ወደ ክልሉ መግባት የሚፈልግ ሥራ ቁጥሩን በአንድ ዝቅ ያደርጋል፤ ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ግን ተኝቶ ይጠብቃል። የሚወጣው ሥራ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ የሚጠብቅ ካለም አንዱ ይነቃል። ማየትና መቀነስ ሊነጣጠሉ የማይችሉ አንድ ድርጊት መሆናቸው የነገሩ ቁልፍ ነው። ሁለቱ መንገደኞች አንዱን ወንበር ሊገዙ የሚችሉት በማየትና በመያዝ መካከል ክፍተት ሲኖር ነውና። ሁለቱን ድርጊቶች ፒ እና ቪ ብለው ሰየሟቸው። ቪ ከፍ ማድረግ ከሚለው የሆላንድኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ፒ ደግሞ ዝቅ ለማድረግ መሞከር ከሚለው ሐረግ ራሳቸው የፈጠሩት ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነው።

ባለባንኩና አምስቱ ፈላስፎች

መቆለፊያ ራሱ አዲስ ችግር ይወልዳል። አንዱ ሥራ ሀን ቆልፎ ለን ይጠብቃል፤ ሌላው ለን ቆልፎ ሀን ይጠብቃል። ሁለቱም አይንቀሳቀሱም። ዳይክስትራ ይህን ሁኔታ ለሞት እንደሚያደርስ ዕቅፍ ቈጠሩት፤ ዛሬ ባለሙያዎች ዴድሎክ ይሉታል።

ለተማሪዎቻቸው በ1965 የሰጡት የፈተና ጥያቄ ስለዚሁ ነበር። ጥያቄው ኋላ በእንግሊዛዊው ባልደረባቸው በቶኒ ሆር በኩል ዓለም የሚያውቀውን መልክ ያዘ። አምስት ፈላስፎች በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው አምስት ሹካዎች አሉ፤ ለመብላት ግን እያንዳንዱ በግራና በቀኙ ያሉትን ሁለት ሹካዎች ይፈልጋል። አምስቱም በአንድ ጊዜ የግራቸውን ቢያነሡ ሁሉም ማዕድ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይራባሉ። አንዱ መውጫ ሹካዎቹን ቁጥር ሰጥቶ ሁሉም ትንሹን ቁጥር አስቀድሞ እንዲያነሣ ማዘዝ ነው። ያኔ ክቡ ይሰበራል፤ ቢያንስ አንዱ ሁለቱንም ያገኛል። መቆለፊያዎችን ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ያዝ የሚለው የዛሬ ፕሮግራመሮች ሕግ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሌላው መውጫ የባለባንኩ ዘዴ ይባላል። አንድ ባለባንክ 10 ሺህ ብር አለው እንበል። ሁለት ነጋዴዎች እያንዳንዳቸው ሥራቸውን ለመጨረስ እስከ 8 ሺህ ብር ሊፈልጉ እንደሚችሉ አስቀድመው ተናግረዋል። የመጀመሪያው 4 ሺህ ወስዷል። ሁለተኛውም 4 ሺህ ቢጠይቅ በሣጥኑ ውስጥ 6 ሺህ አለና መስጠት የሚቻል ይመስላል። ከተሰጠ ግን 2 ሺህ ብቻ ይቀራል፤ ሁለቱም 4 ሺህ ይቀራቸዋልና አንዳቸውም ሥራቸውን ጨርሰው ብድራቸውን ሊመልሱ አይችሉም። ብልህ ባለባንክ ገንዘቡ እያለው ሁለተኛውን ያቆየዋል። ኮምፒውተርም ከመፍቀዱ በፊት እንዲሁ አርቆ ማየት አለበት።

እነዚህ ሐሳቦች በወረቀት አልቀሩም። ዳይክስትራ ጥቂት ባልደረቦችን ይዘው ኤክስ 8 ለተባለ ኮምፒውተር በንብርብር የተደራጀ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሠሩ፤ ሥራውም በ1968 ታተመ። እያንዳንዱ ንብርብር ከሥሩ ባለው ላይ ብቻ ይመረኮዛልና ትክክለኛነቱን ከታች ወደ ላይ እየመረመሩ መሄድ ይቻላል። የዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ክፍል ግን ለሥራው ዋጋ አልሰጠም፤ ቡድኑም ተበተነ። ዳይክስትራ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ውስጥ ገቡ። ከዚያ እንዲወጡ የረዳቸው ስለ ፕሮግራም አወቃቀር ረጅም ማስታወሻ መጻፋቸው ነበር። ያ ማስታወሻ የአንድ ትውልድ ፕሮግራመሮችን አሠራር ለውጧል፤ በ1972ም የኮምፒውተር ሳይንስ ከፍተኛ ክብር የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበሉ።

ከፔንታገን እስከ ቴክሳስ

የተበተነው ቡድን አባልና የዳይክስትራ የመጀመሪያው የዶክትሬት ተማሪ ኒኮ ሃበርማን ወደ አሜሪካ ፒትስበርግ ተሻገሩ። የመመረቂያ ጥናታቸው ሥራዎች ሳይቆላለፉ እንዲተባበሩ ስለማድረግ ነበር። በ1991 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የኮምፒውተር ዘርፍ ኃላፊ ሆኑ፤ በ1993 እስኪሞቱ ድረስም ለመስኩ የሚሰጠውን የመንግሥት የምርምር ድጋፍ መሩ። ያ ተቋም ከ2017 ጀምሮ መቀመጫውን አሌክሳንድሪያ ላይ አድርጎ ነበር።

ዳይክስትራ ራሳቸውም ከዋሽንግተን አካባቢ ጥሪ ደርሷቸዋል። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ1970ዎቹ ለጦር መሣሪያዎችና ለሌሎች ማሽኖች የሚያገለግል አንድ የጋራ የፕሮግራም ቋንቋ ይፈልግ ነበር። በቀለም ስም የተለዩ አራት ዕጩዎች ቀረቡ፤ ዳይክስትራ በ1978 አራቱንም መርምረው ጠንካራ ትችት ጻፉ። አረንጓዴ የተባለው ዕጩ አሸንፎ ኤዳ የሚል ስም ተሰጠው። በአንድ ጊዜ የሚሄዱ ሥራዎችን በራሱ ሰዋስው ውስጥ ያካተተ ቋንቋ ነው። አንዱ ሥራ ሌላውን በግድ እንዲያስቆም የሚያስችል ትእዛዝም ነበረው።

በ1984 ዳይክስትራ ወደ ኦስቲን ተዛውረው በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። ሩብ ምዕተ ዓመት ያስጠነቀቁበት አደጋ በዚያው ግዛት በሰው ሕይወት ላይ የደረሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ቴራክ 25 የተባለ የካንሰር ሕክምና የጨረር ማሽን ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ በስድስት ታካሚዎች ላይ ከመጠን ያለፈ ጨረር ለቀቀ፤ ቢያንስ ሦስቱ በዚሁ ጉዳት ሞቱ። በቴክሳሷ ታይለር ከተማ የተከሰቱት ሁለቱ አደጋዎች ሲመረመሩ ምክንያቱ ተገኘ። ባለሙያዋ የሕክምናውን ዓይነት በስሕተት ጽፋ በፍጥነት ስታርመው፣ ጽሑፉን የሚቀበለው ሥራና መሣሪያውን የሚያዘጋጀው ሥራ በጋራ የሚጠቀሙበት መረጃ ጥበቃ አልነበረውም። አንዱ እርማቱን ሲያይ ሌላው አላየም። ቀርፋፋ በሆነ አጻጻፍ ስሕተቱ ፈጽሞ አይታይም ነበር። ከቀደሙት ሞዴሎች በተለየም አደጋውን በራሱ የሚገታ መካኒካል መከላከያ ከማሽኑ ተነሥቶ ነበር።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1987 ማሽኑ ለመደበኛ ሕክምና እንዳይውል ጠየቀ። ያ መሥሪያ ቤት ዛሬ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በሲልቨር ስፕሪንግ ኋይት ኦክ ይገኛል፤ በሕክምና መሣሪያዎች ውስጥ ያለ ፕሮግራምም ከሚቆጣጠራቸው ጉዳዮች አንዱ ነው።

ሳይጎዱ ማቆም

አንድን ሥራ በሰላም የማስቆም ጥያቄ በ1990ዎቹ በሚሊዮኖች ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ሰን ማይክሮሲስተምስ ያወጣው ጃቫ የተባለው ቋንቋ ማንኛውም ፕሮግራመር ትሬድ ወይም ክር የሚባሉ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎችን በቀላሉ እንዲፈጥር አስቻለ። አንዱን ክር ወዲያው የሚገድል ትእዛዝም ሰጠ። ብዙም ሳይቆይ ጉዳቱ ታወቀ። አንድ ክር ከአንዱ የባንክ ሒሳብ ገንዘብ ቀንሶ በሌላው ላይ ሳይጨምር ቢገደል፣ የያዘው መቆለፊያ ይለቀቃል፤ ተረኛው ገብቶ የጎደለውን መዝገብ እንደ ትክክለኛ ያነበዋል። መቆለፊያው ባይለቀቅ ደግሞ ተረኞቹ ሁሉ ለዘላለም ይጠብቃሉ። ሁለቱም ጥፋት ነው። ስለዚህ የጃቫ አዘጋጆች በ1998 ትእዛዙን ከመጠቀም እንዲቆጠቡ አሳሰቡ፤ በ2023 በወጣው ዕትም ጭራሹን እንዳይሠራ አደረጉት።

የተተካው አሠራር የዳይክስትራን ሦስተኛ ግዴታ ያስታውሳል። ክሩ አይገደልም፤ እንዲያቆም ይጠየቃል። እርሱም ጥያቄውን በየጊዜው እየተመለከተ፣ የጀመረውን ጨርሶ ወይም ወደ ነበረበት መልሶ፣ መቆለፊያውን ለቆ፣ ከክልሉ ወጥቶ ያቆማል። ተኝቶ የሚጠብቅ ከሆነ ጥያቄው ይደርሰው ዘንድ መቀስቀስ አለበት። በሥራው መካከል ስሕተት ቢፈጠርም መቆለፊያው በማንኛውም መውጫ መለቀቁ አስቀድሞ መረጋገጥ ይኖርበታል።

ዳይክስትራ ከማስቆም ጎን ያለውንም ጥያቄ አጥንተዋል። በብዙ ማሽኖች ላይ የተበተነ ሥራ በሙሉ መጠናቀቁን ማን ያውቃል? አንዱ ዝም ያለ ሲመስል የሌላው መልእክት ሊቀሰቅሰው ይችላል። በ1980 ከካረል ስኮልተን ጋር ያሳተሙት መፍትሔ በቤተሰብ ሥርዓት ይመስላል። እያንዳንዱ ሠራተኛ ሥራ የሰጠውን እንደ ወላጅ ይቆጥራል፤ ራሱ ሥራ የሰጣቸው ሁሉ መጨረሳቸውን ሳይነግሩት ለወላጁ አይመልስም። መልሱ እየተሰበሰበ ሥሩ ላይ ሲደርስ በየትም የቀረ ሥራ እንደሌለ ይታወቃል።

ብዕርና ወረቀት

ኮምፒውተሮችን ያስተማሩት ሰው ለረጅም ዘመን ራሳቸው ኮምፒውተር አልነበራቸውም። ሐሳባቸውን በምንጭ ብዕር፣ ባማረ የእጅ ጽሑፍ፣ በተራ ቁጥር ይጽፉና ቅጂውን ለወዳጆቻቸው በፖስታ ይልኩ ነበር። ተቀባዮቹም አባዝተው ለሌሎች ያስተላልፉ ነበር። ከ1,300 በላይ የሆኑት እነዚህ ጽሑፎች ዛሬ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አማካይነት ለማንኛውም አንባቢ ክፍት ናቸው።

ሁሉም ይወዷቸው ነበር ማለት አይቻልም። አነጋገራቸው ስለታም፣ ትችታቸው ምሕረት የለሽ ነበር፤ ትዕቢተኛ ያሏቸውም አሉ። እያንዳንዱን ፕሮግራም እንደ ሒሳብ ማረጋገጫ መጻፍ ለግዙፍ ሥራ አይመችም ብለው የተከራከሯቸው ባለሙያዎችም ጥቂት አይደሉም። እርሳቸው ግን ሙከራ ስሕተት መኖሩን እንጂ አለመኖሩን እንደማያሳይ ከማስተማር አላረፉም።

በ1999 ጡረታ ወጡ። በካንሰር ታመው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ኦገስት 6 ቀን 2002 በኑነን በሚገኘው ቤታቸው በ72 ዓመታቸው ዐረፉ። በዚያው ዓመት ስለ ተበታተኑ ኮምፒውተሮች የሚመክሩ ሳይንቲስቶች በ1974 ለጻፉት አንድ ጥናት ሽልማት ሰጥተዋቸው ነበር። ጥናቱ፣ በማንኛውም የተበላሸ ሁኔታ ላይ ቢገኝ በራሱ ጊዜ ወደ ትክክለኛው የሚመለስ ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ነው። ከ2003 ጀምሮ ሽልማቱ በስማቸው ይጠራል።